አድቫይዘብል ስለሚባለው የእንግሊዝ ቃል ለተማሪዎች የተነገረ

ተማሪዎች ሆይ፤ በእንግሊዝ ቋንቋ አድቫይዘብል የሚባል ቅጽል አለ፤ ትርጓሜውም «ቢደረግ የሚበጅ» ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በጋሞኛ አፉን የፈታ ልጅ ይህን ቃል ሳያገኘው አይቀርም። ብዙ ሰው ግን ይስተዋል። «ኤብል» የሚለው መድረሻ በሌላ ቃል ላይ መቻልን ያመለክታልና፥ ዋሸብል «ሊታጠብ የሚችል» እንደ ሆነ ሁሉ፥ ይህንንም «ሊመከር የሚችል» ይለዋል። ቃሉ የሚነገረው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሠሪው አይደለም፤ ስለዚህ ሰው አድቫይዘብል አይባልም።

አማርኛ ምክሩ ለማን እንደ ሆነ በግሡ ያስታውቃል። ለልጅ «ብትቆይ ይሻልሃል»፥ ለሽማግሌ «ቢቆዩ ይሻልዎታል» ይባላል። እንግሊዙ ግን «ኢት ኢዝ አድቫይዘብል» ብሎ ማንንም ሳይጠራ ያልፋል፤ በማስታወቂያና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚወደደውም ስለዚህ ነው።

የቃሉን ክብደት ማወቅ ከትርጓሜው ይልቅ ይጠቅማል። ከአርባ ምንጭ ቆላ ወደ ዶርዜ ደጋ ለሚወጣ ሰው ጋቢ መያዝ አድቫይዘብል ነው፤ ጋቢውን የረሳ ይበርደዋል እንጂ የሚወቅሰው የለም። የጫሞ ሐይቅ ግን አዞ የበዛበት ነው። በዳሩ የቆመ ማስታወቂያ «ወደ ውሃው አለመቅረብ አድቫይዘብል ነው» ቢል፥ አንባቢው መቅረቡ ለፈቃዱ የተተወ ይመስለዋል። እንዲህ ላለው ነገር «መስት ኖት» ተብሎ ይጻፋል፤ አዞ እግር ከያዘ በኋላ ቃሉን ማረም ለማንም አይረባም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፥ ተንበርክከው መለሷቸው። ተማሪ ይህን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «አባቶች አለመበቀል አድቫይዘብል ነው አሉ» ቢል ነገሩን ያሳንሰዋል። በጋሞ ሥርዓት ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እርሱን አልፎ መሄድ ታላቅ ነውር ነውና፥ ወጣቶቹ ምክር መዝነው የመረጡ አልነበሩም። አባቶቹ ለመኑ፤ ደግሞም ከለከሉ። ተማሪው በአንዱ ቅጽል ፈንታ እነዚህን ሁለት ግሦች ቢጽፍ ወደ እውነቱ ይቀርባል።