በእርሳስ የሚጻፍ ድምፅ



በዚህ የመምህራን ምረቃ ላይ እንድናገር የጋበዙኝ ሰዎች «ጃፓን ተምረሃልና ስለ ጃፓን ንገረን» ብለውኛል። ስለ ፈጣኑ ባቡር ብዙ ሰምታችኋል፤ እኔ ስለ ምርጫቸው ላውራችሁ። የውጭ ተማሪ ስለነበርኩ እዚያ መምረጥ አልችልም ነበር። የነዋሪነት ካርዴን ሁልጊዜ ይዤ እዞር፣ የጤና መድን እከፍል፣ በሳምንት ከ28 ሰዓት ሳላልፍ ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ እሠራ፣ ቆሻሻዬን የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው ለይቼ በተመደበለት ቀን አወጣ ነበር። ድምፅ ግን የዜጎች ብቻ ነው፤ ለአካባቢ ምክር ቤት እንኳ የውጭ ሰው አይመርጥም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ምርጫቸውን አተኩሬ ያየሁት።

በምርጫ ሰሞን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድምፅ ማጉያ የተገጠመላቸው መኪኖች በየሰፈሩ ይዞራሉ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ የተወዳዳሪውን ስም ደጋግመው ይጠራሉ። ክርክር አትሰሙም፤ በአብዛኛው ስም ብቻ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ድምፅ መለመን በሕግ የተከለከለ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የገባኝ የድምፅ መስጫው ወረቀት ምን እንደሚመስል ሳውቅ ነው። በምክር ቤት ምርጫ ለመራጩ የሚሰጠው ወረቀት የተወዳዳሪ ስም አልታተመበትም። መራጩ እርሳስ ያነሳና የመረጠውን ሰው ስም በገዛ እጁ ይጽፋል። ብዙ ተወዳዳሪዎች በፖስተራቸው ላይ ስማቸውን በከባዱ የቻይና ፊደል ሳይሆን ልጆች መጀመሪያ በሚማሩት በሂራጋና የሚያሳትሙትም ለዚህ ነው። ሁለት ተወዳዳሪዎች የቤተሰብ ስማቸው አንድ ሆኖ መራጩ እሱን ብቻ ቢጽፍ ድምፁ አይጣልም፤ እንደየድምፃቸው መጠን ይካፈሉታል። የአንድን ሰው ጽሑፍ ይህን ያህል ማክበር አስደንቆኛል።

እኛ ዘንድ ወረቀቱ ላይ የምርጫ ምልክት ይታተማል፤ ማንበብ የማይችለውም ምልክቱን አይቶ ይመርጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። እዚያም መጻፍ ለማይችል የምርጫ ሠራተኛ ይጽፍለታል። አሠራሩ ሲታሰብ ግን ሕዝቡ ፊደል ቆጥሯል ከሚል እምነት ተነስቷል። ያ እምነት ከየት መጣ?

ከጃፓን ለመማር ስንሞክር የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተረቅቆ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ተከትሎ የተዘጋጀ ነው። በ1924 ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉልኝ። ጃፓን ያንን ሕገ መንግሥት ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ የደነገገችው በ1872፣ 17 ዓመት ቀድማ ነበር፤ ያ እምነት የመጣው ከዚህ ነው። ወጪው በወላጅ ጫንቃ ላይ ስለወደቀና ልጆቹ ለሥራ ስለሚፈለጉ የተቆጡ ገበሬዎች ትምህርት ቤት እስከማቃጠል ደርሰዋል። መንግሥት ግን አልተመለሰም። እኛ የወሰድነው ኋላ የመጣውን ሰነድ ነው፤ ያውም ትምህርት ቤቶቻችን በጣት የሚቆጠሩ ሳሉ።

ፊደል ብቻውን ይበቃል አልልም። ያው ትምህርት ቤት ለንጉሠ ነገሥቱ መታዘዝን አጥብቆ ያስተምር ነበርና የተማረው ሕዝብ ወደ ጦርነት ተነድቷል። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ምርጫ የመረጡት ከሽንፈቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ በዚያ ምርጫ 39 ሴቶች ምክር ቤት ገቡ።

ዛሬ ደግሞ ብዙዎች እርሳሱን አያነሱም። የመምረጫ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 18 ወርዷል፤ በ2024ቱ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ግን ድምፅ የሰጡት ከመራጮቹ 54 በመቶ ያህሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1955 ወዲህ ከጥቂት ዓመታት በቀር መንግሥቱን የመራው አንድ ፓርቲ ስለሆነ የክፍል ጓደኞቼ «ብንመርጥስ ምን ይለወጣል?» ይሉኝ ነበር። አሁንም አልስማማም፤ ድምፅ ይለውጣል። በ2025ቱ የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ «ጃፓናውያን ይቅደሙ» ያለው ሳንሴይቶ ፓርቲ 14 መቀመጫ አሸነፈ፤ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ዋና መከራከሪያ ሆነ። የሚወራባቸው ሰዎች መምረጥ አይችሉም፤ መምረጥ ከሚችሉት ጥቂት የማይባሉት ቤታቸው ቀሩ።

ውድ ተመራቂዎች፣ በመስከረም አንደኛ ክፍል የምትቀበሉት የ7 ዓመት ልጅ ለመምረጥ 11 ዓመት ይቀረዋል። ስሙን መጻፍ አስተምሩት፤ ከዚያ የሌላ ሰው ስም፣ ከዚያ ለምን ያንን ስም እንደጻፈ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር። መልሱ ከእናንተ መልስ ቢለይም አስጨርሱት።