ጠላና ጠጅ ለመቅመስ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሌላው ዓለም የወይን አገር የሚባል አለ። ተጓዡ በፈረንሳይ ቦርዶ ወይም በካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ ከአንዱ መጥመቂያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ ከየበርሜሉ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል፤ የቀመሰውንም ለዚሁ በተዘጋጀ ዕቃ ይተፋል። በአገራችንም ዝዋይ አጠገብ የተተከለው የካስቴል የወይን እርሻ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው ጉዞ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የወይን ነገር በይበልጥ የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን፣ ለቍርባን ከሚዘጋጀው ዘቢብ ነው። የአገሩ መጠጥ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ነው። እንግዲህ ወደዚያ የቅምሻ ጉዞ የሚያቅድ ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚጎበኘው መጥመቂያ የሰው ቤት፣ ጠማቂዋም የቤቱ እመቤት መሆኗን ነው። በእርሷ ፊት የቀመሱትን መትፋት ነውር ነው። አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ የሚያቀርበው፣ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን ለእንግዳው ሊመሰክር ነውና፣ እንግዳው መልሶ ቢተፋው ምስክሩን እንደ ናቀ ይቈጠራል። «በሞቴ» እየተባለ ብርጭቆው በጎደለ ቍጥር ስለሚሞላም፣ በቀን ከሁለት ቤት በላይ ለመጎብኘት ማቀድ ከንቱ ነው። ጠላ ከመቶ 2 እስከ 6፣ ጠጅ ከመቶ 6 እስከ 12 ያህል አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ አረቄውን ለመጨረሻው ማታ መተው ይሻላል።

መንገዱ ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የወልድያው መንገድ የጉናን ተራራ ታክኮ ወደ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ እንጂ በጥር ሌሊት ያደረበት ሁሉ ልክ ነው ይላል። ከነፋስ መውጫ በስተደቡብ አርብ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ስማዳ ወገዳ ይገኛል። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን በሌላ አቅጣጫ ስለሆነች ለብቻዋ ቀን ትፈልጋለች።

ለሙያ ሰው የጉዞው ዋና ፍሬ ያለው በዚህ የከፍታ ልዩነት ነው። የጠላው ሥርዐት በብዙው አንድ ነው፤ ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ብቅል ይጨመርበታል፤ የአሻሮው ዱቄት ተለውሶና ታምሶ እንኩሮ ሆኖ ይገባል፤ ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላበትና ይከደናል። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ በጠላው ውስጥ የሚገኘው የጢስ ጣዕም የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን በደጋው ገብስ የሚገባበት በቆላው ማሽላ ይገባበታል። በነፋስ መውጫ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል፤ ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርዱ ግን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ፈጥኖም ይኮመጥጣል። ጠማቂዋ ይህን ሁሉ የምታውቀው ያለ ሙቀት መለኪያ፣ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ፍላቱን በማዳመጥና በማሽተት ነው። ይህን ዕውቀት ከባለቤቶቹ አፍ ጽፎ ያልተመለሰ ጐብኚ፣ ጠጥቶ ተመለሰ እንጂ ቀመሰ አይባልም።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ክረምቱ መንገድ ይዘጋል። የማር ቆረጣው በኅዳር አካባቢ ስለሚሆን፣ አዲስ ማር ከሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ጋር ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት በአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ጠጅ ይሆናል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወራት ለጠላውም ለጠጁም ይመቻል። ይሁንና ማር በስኳር የሚተካበት ጠጅ በከተማ እንደ በዛ፣ ለሻጩ ሳይሆን ለቀፎው ባለቤት ጥያቄ ማቅረብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ እህሉ ነው። ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህም በክልሉ ግጭት ተነሥቷል። ስለዚህ የመንገዱን ደኅንነት ከአገሬው ጠይቆ ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም። ለሃያ እንግዳ የተጠመቀ ጋን ከአንድ ቤተ ሰብ ጎተራ የወጣ ገብስ ነው። ባለቤቲቱ ግን እንግዳ ፊት የለኝም አትልም፤ ጎደለ ብላም አትናገርም። በዚህ የተነሣ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ገብሱንና ማሩን ከገበያ ገዝቶ መላክ፣ ለድካሟም በግልጽ መክፈል የግድ ይሆናል። ገንዘቡን በመጠጡ ዋጋ ስም ብትሰጧት እምቢ ልትል ትችላለች፤ በጌሾና በማገዶ ስም ግን ትቀበላለች።

መልእክቱም ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት መላክ አለበት። ጋኑ ታጥቦ የሚታጠነው፣ ጌሾውም የሚወቀጠው መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ነው።