ስለ ትልቁ አንጀት ምርመራና ከቤት ስለሚጀምረው ዝግጅት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስቀበል፣ ስመዘግብና ፋይል ሳወጣ ነው፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ኮሎኖስኮፒ የሚባለውን የትልቅ አንጀት ምርመራ በሐኪም ትእዛዝ አድርጌ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱና በየለቅሶው «እንዴት ነው እሱ ነገር? ያማል ወይ? በየት በኩል ነው የሚገባው?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በጆሮው ከማንሾካሾክ ለሁሉም አንድ ጊዜ መናገር ይሻላል ብዬ ዳኛውን አስፈቅጄ ቆሜአለሁ። የጸሐፊነት ልማድ አይለቅምና ሐኪሞቹ ያሉኝን ሁሉ በደብተር ጽፌ ይዤ ነበር፤ የምናገረው ከዚያው እያየሁ ነው።

የመቀመጫ ነገር በሸንጎ የሚወራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ስሙኝ። በእኛ አገር ከሰገራው ጋር ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ኪንታሮት ነው» ነው። ለሚስቱም አይነግር፤ በድብቅ ቅጠል የሚቀባ ወይም የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋል። እውነት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም፤ ኪንታሮት ያለበትም ሰው ከዚያው በላይ ሌላ ነገር ሊኖርበት ይችላል። የትልቁ አንጀት ካንሰር በአገራችን ወንዶች ላይ ከሚበዙት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ሴቶችንም አይምርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ደግሞ በአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ እንጉዳይ ከምትበቅል ትንሽ ትርፍ ሥጋ ነው፤ ፖሊፕ ይሏታል። ይህች ነገር ወደ ካንሰር ብትለወጥ እንኳ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አታምም፣ አትቆረጥምም። በመሣሪያው ከታየች ግን እዚያው ላይ ተቆርጣ ትወጣለች፤ ጣጣዋም ያልቃል።

ስለዚህ ከሰገራ ጋር ደም የሚታየው፣ የሆዱ ልማድ ያለ ምክንያት ለሳምንታት የተለወጠበት፣ ማለትም የማይለቅ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ያለበት፣ ሳይራብ የሚከሳ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ የተገኘበት፣ ወይም አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ በዚህ በሽታ የታመመበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይናገር። ባለጸጋ በሆኑት አገሮች ምንም ያላመመው ሰው እንኳ 45 ወይም 50 ዓመት ሲሞላው ይመረመራል። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም፤ ቢያንስ ያመመው አይደብቅ ነው የምለው።

መሣሪያው እንደ ጣት የወፈረ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ረጅም ቱቦ ሲሆን ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። ትልቁ አንጀት 1 ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ቱቦውም በዚያው ልክ የተሠራ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በዚህ ቱቦ ፖሊፕ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ለማውጣት ሆድ መቅደድ ግድ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ እሱም ዝግጅቱ ነው። ሐኪሙ የሚሠራው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን፣ የበሽተኛው ሥራ ግን ብዙ ቀን ይፈጃል። አንጀቱ ካልጸዳ ካሜራው የሚያየው ሰገራ ብቻ ነው። ከእኔ ጋር ተራ ይጠብቁ የነበሩ፣ ከሌላ ወረዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መድኃኒቱን በሚገባ ጠጥተዋል፤ ግን መንገድ ላይ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን የገብስ ቆሎ ሲቆረጥሙ ነው የመጡት። ሐኪሙ ቱቦውን አስገብቶ ቢያይ ቆሎው ተደርድሮ ቆየው፤ «አባቴ፣ ምንም አይታየኝም» ብሎ አቆመና ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው። የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው፣ የሰው ገንዘብ ተበድረው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ አስቀድሞ በቋንቋቸው ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ቆሎውን ባልያዙ ነበር።

ከምርመራው 3 ቀን አስቀድሞ ፍሬና ገለባ ያለው ምግብ ሁሉ ይቀራል። የእኛ የደጋ ሰው ማዕድ ደግሞ እሱው ነው፤ የገብሱም የጤፉም እንጀራ፣ ቆሎው፣ ንፍሮው፣ በሶው፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባና ሱፉ፣ የቃሪያው ፍሬ ሳይቀር። ታዲያ ምን ይበላል? ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ልጣጩ የተነሣ ቅቅል ድንች፣ የፍስክ ቀን ከሆነም እንቁላልና ስቡ የተነሣለት የዶሮ ሥጋ። ሩዝ እንደሆነ እዚሁ ፎገራ ይመረታል፣ ብርቅ አይደለም። በጾም ወቅት ቀጠሮ የደረሰበት ሰው በሩዝ፣ በድንችና በነጭ ዳቦ ሳይገድፍ ሊያልፈው ይችላል፤ ለቀረው የንስሐ አባቱን ያማክር። እስላም ወንድሞቻችንም ቀጠሮው ረመዳን ላይ ከዋለ መድኃኒቱ በቀን ጭምር ስለሚጠጣ ቀኑ እንዲለወጥላቸው ቀደም ብለው ይጠይቁ።

በዋዜማው ቀን እህል የለም፤ ፈሳሽ ብቻ። ፈሳሽ ሲባልም በብርጭቆ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ስታነሡት ማዶውን የሚያሳይ ማለት ነው። ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ በስኳር ወይም በማር፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጣራ የሥጋ መረቅ ይቻላል። ወተት አይሆንም። ጠላና ጠጅ አይሆንም፤ አረቄ ማዶ ያሳያል ብሎ የሚከራከር እንዳይኖር፣ እሱም አይሆንም። አጥሚትም ፈሳሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ ማዶ አያሳይም። ቀይ ቀለም ያለው መጠጥ ደግሞ በካሜራው ደም ስለሚመስል ይከለከላል።

ከዚህ በኋላ የሚያጥበው መድኃኒት ይመጣል። እንደየሆስፒታሉ ይለያያል፤ ለእኔ የተሰጠኝ በ4 ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነበር፣ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሊነጋጋ ሲል የሚጠጣ። በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ጨው ጨው ይላል፤ ቀዝቀዝ ብሎ በፍጥነት ቢጠጣ ይሻላል። ያቅለሸለሸው ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ ብሎ ይቀጥል እንጂ እንዳይተወው። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተው ቤት ይውሉ ነበርና ሆድ መታጠብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮሶ ሲጠጡ ያየ ሰው ይህ ምሬቱ እንኳ የለውም ይላል። ሆኖም «እንግዲያው ኮሶውን ልጠጣና ልሂድ» የሚል እንዳይነሣ! የኮሶ ሥራ ትልን መግደል ነው፤ መጠኑ ሲበዛም ዓይንን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። የታዘዘውን ብቻ ነው መጠጣት።

መጠጣቱ በትክክል መሥራቱ የሚታወቀው በመጨረሻ የሚወጣው እንደ ሽንት ብጫ፣ ጠርቶ የሚታይ ውሃ ሲሆን ነው። ገና ደፍርሶ የሚወጣ ከሆነ ለነርሷ መንገር ያስፈልጋል፤ «ጸድቷል» ብሎ መዋሸት ራስን መጉዳት ነው። ከምርመራው በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ሰዓታት፣ ወይም ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ ውሃም ይቆማል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀጠሮ ሲቀበል ኪኒኑን ይዞ ሄዶ ያሳይ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒን አንጀቱን ስለሚያጠቁረው ከሳምንት ያህል በፊት ይቋረጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ስኳር ያለበት፣ ኩላሊቱን ወይም ልቡን የሚያመው ሰው ሐኪሙ የሚለውን ይስማ እንጂ በራሱ አንዱንም አያቋርጥ፣ አንዱንም አይጨምር። የደም ግፊት ኪኒን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ውሃ ይወሰዳል፤ ይህንንም ጠይቁ።

ስለ መንገዱ ደግሞ ለይቼ ልናገር፤ በከተማ ለሚኖር የተጻፈው ወረቀት ይህን አያውቅምና። ምርመራው መሣሪያውና የሠለጠነ ሐኪም ባለበት ትልቅ ሆስፒታል እንጂ በየጤና ጣቢያው የለም። ከመካነ ብርሃን ደባርቅ፣ ከደባርቅ ደግሞ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚላክም አለ። መድኃኒቱን እዚህ ጠጥቶ አውቶቡስ ላይ መሳፈር አይታሰብም። መኪናው ባሰኛችሁ ቦታ አይቆምላችሁም! ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ወርዶ፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ዘመድ ቤት ወይም አልጋ ቤት ማረፍ ነው። የተከራይ ብዛት ያለበት ግቢ አይመከርም። የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ ወረቀት፣ መቀመጫ እንዳይላጥ ቫዝሊን፣ ጋቢ ያዙ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ይበርደዋል። የሪፈር ወረቀቱንና የጤና መድን ደብተሩን እንዳትረሱ፤ ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ወጪው ሁሉ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከሁለቱም ፎቶ ኮፒ ያዙ። የመዝገብ ቤት ሰው ምክር ነው።

በዕለቱ በጀርባ የሚከፈት ልብስ ይሰጣል፤ ክንድ ላይ መርፌ ይገባል፤ ጣት ላይ አንዲት ነገር ይቆነጥጧችኋል፣ ትንፋሽ ለመከታተል ነው። በግራ ጎን ጉልበት አጥፎ መተኛት ነው። አንሶላ ይሸፈናል፣ በሩ ይዘጋል፤ የፈራሁትን ያህል ኀፍረት አላገኘሁበትም። ሴቶች የሴት ነርስ አጠገባቸው እንድትሆን ቢጠይቁ ነውር የለውም። በመርፌ የሚሰጠው ማደንዘዣ ለአንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለአንዳንዱ ዝም ብሎ ያፈዝዛል። እኔ ፈዝዤ ነበርና በቴሌቪዥኑ የራሴን አንጀት አይቼዋለሁ፤ እንደ ሕፃን ከንፈር የቀላ ነው። አንጀቱ እንዲከፈት ነፋስ ስለሚነፉበት ሆድ ይወጠራል፣ መታጠፊያው ላይ ቁርጠት አለ። አያምም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ግን ጥርስ ከማስነቀል ይቀላል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከእኔ አንዲት ፖሊፕ በሽቦ ቀለበት ይዘው ሲቆርጡ እያየሁ ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም። ለምርመራ ተልካ ካንሰር አይደለችም ተባለ። ሥጋ ቆንጥረው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለምና ማንም በዚያ አይደንግጥ፤ ውጤቱ የሚመጣበትን ቀን ግን አስጽፎ መውጣት ነው።

ከምርመራው በፊት የሚፈረም ወረቀት አለ። ማንበብ የማይችል ሰው ያስነብብ። በወረቀቱ ላይ አንጀት የመበሳት አደጋ ተጽፎ ታያላችሁ፤ የሚደርሰው ከ1,000 ተመርማሪ በአንዱ ወይም ከዚያም ባነሰ ነው። ፖሊፕ ከተቆረጠ በኋላ ደም ሊፈስ ይችላል። ከምርመራው በኋላ ሆዱ አለቅጥ የታመመ፣ ትኩሳት የያዘው ወይም ብዙ ደም ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታሉ ይመለስ። በዚህ ምክንያት በዚያው ቀን ወደ ላይ ለመሳፈር አትቸኩሉ፤ እዚያው እደሩ። የገባው ነፋስ መውጣት አለበት፤ ነርሷም «አይፈሩ አባቴ፣ ይልቀቁት» ትላለች። በማግስቱ እስኪነጋ ድረስ በቅሎ መጋለብ፣ መኪና መንዳት፣ መጠጥ መቅመስና ውል መፈረም ክልክል ነው፤ ማደንዘዣው ገና ከራስ አልወጣም።

ስለዚህም ሆስፒታሉ አስታማሚ ያልያዘን ሰው ያለ ሰው አይለቅም። እዚህ ላይ ነው የእኛ የዕድር ጉዳይ የሚመጣው። ልጆቹ በየአገሩ የተበተኑበት ሽማግሌ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ማን ይዟቸው ይወርዳል? ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ በእነዚያ አራትና አምስት ቀናት ለቅሶ ቢደርስ ከቀብር ቀረህ፣ ድንኳን አልተከልህም ተብሎ በደንባችን ይቀጣል። ሰው ሲሞት ሁላችንም ወጥተን እንቀብረዋለን፤ ሳይሞት ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰውን ግን እንቀጣለን። ይህ ለእኔ አይገባኝም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ፣ የሪፈር ወረቀት ያለው አባላችንን ይዞ ለመውረድ አስቀድሞ ለዕድሩ ጸሐፊ ያስመዘገበ ሰው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቀብርም ከስብሰባም ቢቀር መቀጫ እንዳይጠየቅ ነው። ገንዘብ ይሰጠው አላልሁም፤ ካዝናችንን አውቀዋለሁ። ይህ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝና አባሎች ድምፅ ይስጡበት። ስለ ምርመራው ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ፤ በሰው ፊት የሚያፍር ካለም ስንበተን መንገድ ላይ ይያዘኝ፣ ደብተሬን ይዤ ነው የምሄደው።