ካርዱ የመንግሥት፣ መድኃኒቱ የነጋዴ!

(አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ የፍላቂት ተወላጆች የተደረገ ንግግር)



«ሕክምና በመንግሥት ይሻላል ወይስ በግል?» በሚል እንድናገር ጋብዛችሁኛል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በዚህ መከራከር ይቻላል፤ ሰው ኪሱን ዳብሶ ይመርጣል። ፍላቂት ላይ ግን ምን ተመርጦ! የግል ሆስፒታል ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ገብስና በግ ብሎ መቄት ደጋ አይወጣም። አልፈርድበትም፤ ነጋዴ ነው።

ታዲያ ገበሬው የሚታከመው በመንግሥት ነው? እሱም ግማሹ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከወሎ ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። ከዚያ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተዛመተ። ነገሩ እንደ እድር ነው። ጤነኛው ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል፣ ለድኃ ድኃው መንግሥት ይከፍላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መልካሙን መልካም ማለት አያስነውርም።

ችግሩ ወዲህ ነው። አባወራው መዋጮውን ከፍሎ፣ ካርዱን ይዞ፣ የታመመች ልጁን አዝሎ ይመጣል። ልጅቱ ትመረመራለች፣ ወረቀት ይጻፍላታል። ከዚያስ? «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም፤ ከውጭ ግዛ!» ውጭ ያለው የግል መድኃኒት ቤት ነው፤ ውል ከሌለው ካርዱን አያውቀውም። በግ ያለው በግ ይሸጣል። የሌለው ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሪፈር ከተጻፈለትማ የባሰ ነው፤ በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርድበትን የመኪና ሒሳብ መድኅኑ አይከፍልለትም።

እስቲ ፍረዱ! ይሄ የመንግሥት ሕክምና ነው የግል? ሰውዬው ሁለት ጊዜ ከፈለ እኮ!

«ጦርነቱ ያመጣው ነው» የሚሉ አሉ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት መዘረፋቸውና መውደማቸው እውነት ነው። ግን «ከውጭ ግዛ» የሚባለው ጥይት ባልተተኮሰበት ከተማም ነው። እዚሁ አዲስ አበባስ አልሰማችሁትም?

እኔ የምለው ይሄን ነው። አንደኛ፣ መድኃኒት ሲያልቅ ካርዱ ውል በገባ መድኃኒት ቤት ይሥራ፤ ሒሳቡን መድኅኑ ይክፈል። ከነማ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው፤ ቀይ መስቀል የመንግሥትም የነጋዴም አይደለም፤ ሁለቱም መድኃኒት ቤት አላቸው። እንዲህ ያለው ቤት ወደ ወረዳ ከተሞች ቢወርድ ምን አለበት?

ሁለተኛ፣ ስንት ብር ገባ? ስንት ወጣ? የትኛው መድኃኒት መቼ አለቀ? በየጊዜው ለአባላቱ ይነበብ። የእድር ዳኛ ሒሳብ ያሳያል፤ ካላሳየ ይሻራል። የመድኅኑ ሹም ከእድር ዳኛ በምን ይበልጣል?

እኛም ብንሆን ከአገር ቤት «ታመመብን» ብለው በደወሉ ቁጥር ብር ልከን ዝም እንላለን። መላኩን አንተው፤ ዝምታውን ግን እንተው። ገንዘቡ የአባቶቻችን መዋጮ ነውና ሒሳቡን ጽፈን እንጠይቅ። ደብዳቤውን ዛሬ እዚሁ ፈርመን ብንለያይስ?