የኪራይ ቤትና የሰነበተ እንግዳ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ተሻግሮ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ፣ የገብስና የባቄላው አገር በጥቂት ጊዜ ውስጥ የማሽላ፣ የማሾና የሽንኩርት አገር ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሲመሽበት ከዘመድ ቤት ያድራል፤ ታሞ ወይም ጉዳይ ይዞ የመጣ እንደ ሆነም እስኪሻለው ወይም ጉዳዩ እስኪያልቅለት ይሰነብታል። «መቼ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ዘመድ የሆነ እንግዳ ሲሰነብት ቤተሰብ ይሆናል እንጂ መዳብ አይሆንም። ሳምንት ሳይሞላው ቡና ይቆላል፣ ልጅ ያዝላል፣ ከብት ያግዳል። ይህ ልማድ የጸናው ስለ ሰዉ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ማን በቤቱ እንደሚያድር የሚወስነው ባለቤቱ ራሱ በመሆኑም ጭምር ነው።

ቤቱ የኪራይ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ በቀበሌ ቤቶች «ደባል» የሚለው ቃል የዘወትር ቃል ሆኗል። የግል አከራይም ውሃውን፣ መብራቱንና መጸዳጃውን እያሰበ የተከራዩን ቤተሰብ ይቈጥራል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲደነግግ ተከራዩን ደግፏል፤ ዘመድና ውል የሚገናኙበትን ጥያቄ ግን ለቤተሰቡ ትቶታል።

ይኸው ጥያቄ በውጭ አገር ብርቱ ይሆናል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በኪራይ አፓርታማ ይኖራሉ። ሴት ልጅ ስትወልድ እናት ልታርሳት ከአገር ቤት ትጠራለች። ከሸዋ ሮቢት የተነሣች እናት የገንፎ ዱቄቱን፣ በርበሬውንና ሽሮውን በሻንጣ ይዛ ትደርሳለች። ጥሪው የፍቅር ነው፤ የሚጠብቋት ግን ሦስት ጽሑፎች ናቸው።

የመጀመሪያው የመግቢያ መዝገብ ነው። ብዙ ቤተሰብ በፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበትን ቀን የመቈያ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። በእውነቱ ግን የመቈያውን ጊዜ የሚወስነው በመግቢያው በር ያለው ሹም ነው፤ ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም ስድስት ወር ነው። ማራዘም የሚፈልግ ቀኑ ሳያልፍ ማመልከት ይኖርበታል። በጎብኚነት የገባች እናት የጎረቤትን ልጅ በክፍያ ብትጠብቅም ያልተፈቀደ ሥራ እንደ ሠራች ይቈጠራል።

ሁለተኛው የኪራይ ውል ነው። ብዙዎቹ ውሎች የነዋሪዎቹን ስም ይዘረዝራሉ፤ እንግዳ የሚቈይበትንም ጊዜ ይወስናሉ፤ ወሰኑም ብዙ ጊዜ የሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የቈየ ሰው ያልተፈቀደ ነዋሪ ይባላል። የነዋሪው ብዛት ራሱም ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ የቤቶች ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1998 ባጸናው መመሪያ ለአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ሰው በጠቅላላው ተገቢ ልክ ሆኖ ይታያል። ውሉ ከተጣሰ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ካልታረመም እስከ ማስለቀቅ ሊደርስ ይችላል። አራስና ሕፃን በያዘ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የሕክምና ሂሳብ ነው። ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕመምተኛን መርምረው እንዲያረጋጉ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ያስገድዳል፤ ሂሳቡን ግን አይሰርዝም። የጎብኚ መድንም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍንም። ስለዚህ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባት እናት መድኃኒቷንና የሐኪም ማስረጃዋን ሳትይዝ ብትነሣ አደጋው የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሦስት ጽሑፎች ብቻቸውን ቤተሰብን አይጐዱም። የሚጐዳው ይሉኝታ ነው። ልጅቱ «እናቴን በቀን ቈጥሬ ጠራኋት እባላለሁ» ብላ ውሉን ትደብቃለች። የሕንጻው አስተዳዳሪ በሩን ሲያንኳኳ እናቲቱ ድምፅ እንዳታሰማ ትመከራለች። በአገሯ በሯን ለመንገደኛ ሁሉ ስትከፍት የኖረች ሴት በልጇ ቤት ተደብቃ ትቀመጣለች። ለእናት ክብር ሲባል የተሸሸገው ነገር ክብሯን የሚነካው በዚህ ጊዜ ነው።

የሚበጀው የአውሮፕላን ትኬት ከመቈረጡ በፊት መነጋገር ነው። «እማዬ፣ ቤቱ የኪራይ ነው፤ ስምሽን በውሉ ላይ ለማስገባት ጠይቄያለሁ» ማለት እናትን እንደ ባዕድ መቍጠር አይደለም፤ እንዲያውም በቤቱ በግልጽ የምትኖር ሰው ማድረግ ነው። አስተዳዳሪው በጽሑፍ ሲጠየቅ ለተወሰነ ጊዜ ሊፈቅድ ይችላል፤ ከከለከለም የጉብኝቱን ጊዜ ማሳጠር ወይም ከሌላ ዘመድ ጋር መከፋፈል ይቻላል። የእናቲቱም ጉዳይ ሊታሰብ ይገባል። ስድስት ወር በይፋት የአዝመራ ጊዜ ነው፤ ማሾውን ማን ይሰበስባል? ፍየሎቹን ማን ያያል? ልጆቿ ሥራ ሲውሉስ ከማን ጋር ትጫወታለች? በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያደርሳት ሰው አስቀድሞ መገኘት አለበት።

የማኅበሩ አባላት በሕግ፣ በጤናም ሆነ በማኅበራዊ አገልግሎት የተሰማሩ ናቸውና፣ ላኪውም ጠሪውም ቤተሰብ ምክር የሚጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ነው። ጥያቄው ግን የሚመጣው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ አባል የሚጠበቀው፣ ዘመድ ሊልክ ወይም ሊጠራ የተዘጋጀ ሰው ባጋጠመው ጊዜ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፤ የመቈያው ቀን ማን ዘንድ ተጽፏል? ውሉ ስለ እንግዳ ምን ይላል? ብትታመም ከፋዩ ማን ነው? እንግዳ ተቀባይነት የአገሩ ልማድ ሆኖ ሳለ በተከራዩት ቤት ሊጸና የሚችለው ውሉን በማወቅ ነው። በአባት ቤት የመግባት ፈቃድ በዝምታ ይሰጥ ነበር፤ በኪራይ ቤት ግን ተነግሮና ተጽፎ ሊሰጥ ይገባል።