የሚያንጠባጥብ ቧንቧ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግቢያችን ቧንቧ ነው። ሲያንጠባጥብ «ጠብታ ምን ታመጣለች?» ብለን እናልፋለን። እስቲ የአንድ ሊትር ጣሳ ከሥሩ እናስቀምጥ። ጣሳው በአንድ ሰዓት ከሞላ፣ በ24 ሰዓት 24 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው። ይህ ከባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል። ያንን ጀሪካን ሴቶቻችን አዝለው ስንት መንገድ ይሄዱ እንደነበር እናውቃለን።

ተዘግቶ ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀችው በውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ናት። እሷን መለወጥ ይበቃል። አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ሙሉውን እንቀይራለን። የቤት ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ግማሽ ኢንች ነው፤ ቢሆንም ሳንለካ አንግዛ።

ከሁሉ በፊት ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ እንዝጋ። ይህን የረሳ ሰው ግቢው ጭቃ ይሆናል፤ ጎረቤትም ይስቅበታል። ከዚያ ቱቦውን በአንድ መፍቻ ጠበቅ አድርገን ይዘን፣ ቧንቧውን በሌላው ወደ ግራ እናዙር። ቱቦው አብሮ ከዞረ ግድግዳ ውስጥ ሊሰበር ይችላል፤ ያን ጊዜ ወጪው ብዙ ነው።

በአዲሱ ቧንቧ ጥርስ ላይ ካናፓ እንጠምጥም። ጥርሱን ወደ እኛ አዙረን፣ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት በኩል ነው የሚጠመጠመው። በተቃራኒው ከሆነ ስናስገባው ይፈታል። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ እናጥብቅ። ጉልበተኞች እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ይሰነጥቀዋል።

መዝጊያውን ቀስ ብለን ከፍተን፣ መገጣጠሚያውን በደረቅ እጅ እንዳስስ። ቀድሞ የሚወርደው ውሃ ዝገት ሊኖረው ስለሚችል ለጎመኑ እናጠጣው።