መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ አያውቅም

ዛሬ የምናገረው ኩየራ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው አዳማ ወይም አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። የሒሳብ ሠራተኞች፣ የንብረት ክፍል ባልደረቦች፣ በተለይም የአይቲ ባለሙያዎች፣ እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡኝ።

እንዲህ አስቡት። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከፍታችኋል፤ የክፍያ ቫውቸር እየመዘገባችሁ ነው። መብራት ድርግም አለ። ዩፒኤሱ ትንሽ ጮኸና እሱም ዝም አለ። «በቃ፣ ለዛሬ አበቃ» ብላችሁ ቡና ለመጠጣት ወጣችሁ።

እናንተ ወጣችሁ እንጂ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሥራችሁ አልወጣም። ኮምፒውተራችሁ ድንገት ሲጠፋ ለሰርቨሩ «ሄጃለሁ» የሚል መልእክት ለመላክ ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ ሰርቨሩ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው የተቀመጣችሁ ይመስለዋል። መስመሩ መቋረጡን ሲረዳም ቢሆን የከፈታችሁትን አይዘጋውም። ፒችትሪውን እንደከፈተ፣ በጅምር የተተወውን ቫውቸር እንደያዘ ይጠብቃችኋል። ይህን ክፍት ቆይታ ባለሙያዎች ሴሽን ይሉታል። መስኮቱን ጥግ ላይ ባለችው የኤክስ ምልክት ስትዘጉትም ያው ነው፤ መስኮቱ ይዘጋል፣ ሴሽኑ ይቀራል። ከሴሽኑ የምትወጡት ሳይን አውት ስትሉ ብቻ ነው።

ጥበቃው እስከ መቼ ነው? ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ማንም ገደብ ካላስቀመጠ መጨረሻ የለውም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዱ ላለ ድርጅት ሰርቨር ተክዬ፣ የጊዜ ገደቡን ሳልነካ እንዳለ ትቼው ሄድኩ። አንድ ቀን የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደውላ «ፒችትሪው ባክአፕ አልወስድ አለኝ፣ ሌላ ሰው ከፍቶታል ይለኛል» አለችኝ። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ጥቁሩ መስኮት ላይ «ኪውዩዘር» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ሁለት ስም ወጣ። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው ሥራ ለቆ የሄደ የሒሳብ ሠራተኛ ስም ነበር። ከአጠገቡ «ዲስክ» ይላል፣ ተቋርጧል ማለት ነው። ሥራ የፈታበት ጊዜ በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ 37 ቁጥር፣ የመደመር ምልክት፣ ከዚያ ሰዓትና ደቂቃ። ሠላሳ ሰባት ቀን! ሰውየው ደመወዙን ተቀብሎ፣ ጓደኞቹን ተሰናብቶ ሄዷል፤ ሴሽኑ ግን የድርጅቱን መዝገብ እንደከፈተ ተቀምጧል። ፒችትሪ ባክአፕ ለመውሰድ መዝገቡን ሌላ ተጠቃሚ ከፍቶት መገኘት የለበትም። ስለዚህ ድርጅቱ ከአምስት ሳምንት በላይ ያለ ባክአፕ ሠርቷል። የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ በእነዚያ ሳምንታት ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። የተረሳ ሴሽን የሰርቨሩን ሜሞሪ ይበላል፤ አምስት ስድስት ሲሆኑ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ መስኮት ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ደንበኛም «ሲስተም የለም» ይባላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌባ ነው። ሰርቨሩ ፓስዋርዳችሁን አንዴ ካረጋገጠ በኋላ በየደቂቃው አይጠይቃችሁም፣ የመግቢያ ካርድ እንደሰጣችሁ ያህል ነው። በጥቅምት 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ብዙ ድርጅቶች ከርቀት ለመግባት በሚጠቀሙበት የሲትሪክስ መሣሪያ ላይ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ሰርጎ ገቦች ፓስዋርድ መስበር አላስፈለጋቸውም፤ የክፍት ሴሽኖችን ካርድ ከመሣሪያው ሜሞሪ ገለበጡ። ኮምካስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብቻውን የ36 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹ መረጃ ተነክቶበታል። ማስተካከያውን መጫን ብቻውንም አልበቃም፤ ቀድሞ የተሰረቀው ካርድ ማስተካከያው ከተጫነ በኋላም ይሠራ ስለነበር፣ ክፍት ሴሽኖችን ሁሉ መግደል የግድ ሆነ። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የታካሚ ካርድ ወይም የተማሪ ውጤት በሰርቨር የያዛችሁ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

እንግዲህ ገደቡ ስንት ይሁን? ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው ቅንብር ውስጥ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ሥር «ሴሽን ታይም ሊሚትስ» የሚል ክፍል አለ። አንደኛው ገደብ ተጠቃሚው ኪቦርድም ማውስም ሳይነካ ለሚቆይበት ጊዜ ነው። የባንክ ካርድ መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት ለዚህ 15 ደቂቃ ይላል፤ እኔ ለተራ ቢሮ 30 ደቂቃ እቀበላለሁ። ሰዓቱ ሲሞላ መስመሩ ይቋረጣል እንጂ ሥራው አይጠፋም። መብራት ሄዶባችሁ ሰርቨሩ «እዚያው አሉ» ብሎ ሲሳሳትም የሚያርመው ይኼው ገደብ ነው።

ሁለተኛው የተቋረጠ ሴሽን እስከ መቼ ይጠበቅ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አስቡ። ጊዜው ሲደርስ ሴሽኑ ይዘጋል፣ ሴቭ ያልተደረገውም አብሮ ይሄዳል። የሌላ አገር መመሪያ አንብቦ 5 ደቂቃ የሚያደርግ የአይቲ ባለሙያ አውቃለሁ። ይህ ጀነሬተር ባለው ቢሮ ይሠራ ይሆናል፤ ኩየራ ላይ ግን መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት ቢቆይ፣ ቫውቸር ስትመዘግብ የነበረች የሒሳብ ሠራተኛ ስትመለስ ግማሽ ቀን የለፋችበትን አታገኘውም። ሰርቨሩ ሥራዋን ይዞ መጠበቁ ለእሷ ትልቅ ውለታ ነው፣ በእልህ አንንጠቃት። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ስጡ፣ ቢበዛ ስድስት። ሌሊቱን እንዳያድር ብቻ።

ሦስተኛው፣ እየሠራ ያለን ሰው መስመር ሳይቀር በሰዓት የሚያቋርጠው ገደብ ነው። ከመቋረጡ ሁለት ደቂቃ በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ቢሆንም የወር መጨረሻ ሒሳብ የሚዘጉ ሰዎች ባሉበት ቢሮ እኔ አልነካውም።

አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ መዝግቡ፤ ከዚያ ደብተሩን ለአይቲ ባለሙያችሁ ስጡት። ሁለተኛውን ገደብ ሲያስገባ እሱን እያየ ያስገባ።